የሰማያዊው ጓንት ቋጠሮ

ቢታንያ መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። ቻምበር በሚሉት ዝግ የዕቃ ማቆያ ክፍል ጠባብ የመስታወት መስኮት በኩል፣ ከትልቁ የብረት ቀለበት ሥር፣ ቡናማ የቆዳ ጫማ ወደ ጎን ወድቆ ይታያል። ደንቡን ጥሶ በቆዳ ጫማ ወደዚያ ክፍል የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አለቃቸው ዋረን።

በሩ ከውጭ በብረት ዘንግ ተቀርቅሯል።

"ኪዳኔ! ኪዳኔ ና! ውስጥ ሰው አለ!"

የሺፍቱ ኃላፊ ኪዳነ ወልድ እየሮጠ ደረሰ። ቢታንያ ዘንጉን ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ ክንዷን ለቀም አደረገው።

"አየር ሳይገባበት እንዳትከፍቺ! አንቺም ትሞቻለሽ!"

ማራገቢያውን አስነሣ። በሩን ከፍተው ሲገቡ የዋረን ገላ ቀዝቅዞ ነበር። የሁለቱም እጆቹ ጣቶች ቆስለዋል። በሩን ሲደበድብ ነው የሞተው።

*

መርማሪ ሩሐማ ኃይለ መስቀል ከአገር ቤቱ ሶዶ ጋር በስም ብቻ ወደሚገናኘው የፋብሪካ ሰፈር፣ ሶዶ፣ ስትደርስ ግቢው በፖሊስ መኪና ተጨናንቋል። ዋረን የሚሠራበት ኩባንያ፣ ሄልመር ኤሮ፣ ከዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘንና ከሴራሚክ መሸጫ መካከል የተወሸቀ፣ መስኮት የሌለው ግራጫ ሕንፃ ነው። በከተማው ግድያ ምርመራ ክፍል ከተመደበች ወዲህ በዚህ መንገድ ስንቴ አልፋለች፤ ውስጡ ምን ይሠራል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

የሥራ ባልደረባዋ ሊበን በር ላይ ጠበቃት።

"ሟቹ ዋረን ክላይን ይባላል። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነው" አላት። "የገደለው ናይትሮጅን ነው። ዕቃውን ከእርጥበት ለመጠበቅ ክፍሉን በናይትሮጅን ይሞሉታል። ሰው ሲገባ ያንን አስወጥተው አየር ያስገባሉ። ሶ፣ እሱ ውስጥ እያለ አንድ ሰው ቀረቀረበትና ናይትሮጅኑን መልሶ ለቀቀበት።"

"ማስጠንቀቂያ ደወል የለውም?"

"አለው። ነይ እዪው።"

ከክፍሉ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከውስጥ የሚወጣውን አየር እየለካ ኦክስጅን ሲጎድል ደወሉን የሚያስጮኸው ሴንሰር ተሰቅሏል። አፉ ላይ ሰማያዊ የጎማ ጓንት ተጠልቆበታል። የጓንቱ ጣቶች ሁለቴ ዞረው ጥብቅ ብለው ታስረዋል። ደወሉ ድምፁን ሳያሰማ ሰውየው አለቀ።

ሩሐማ ወደ በሩ ተመለሰችና መስኮቱን ጎንበስ ብላ አየችው። መስታወቱ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ አራት ትንንሽ የፕላስተር ቁራጮች ቀርተዋል፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች።

"እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለጥፎ ነበር" አለች። "ሲሄዱ ገንጥለው ወስደውታል።"

"ወረቀት?"

"ወይ ፎቶ። ፊቱ ወደ ውስጥ ከነበረ ደግሞ ሊያየው የሚችለው ዋረን ብቻ ነው።"

ከኋላቸው ጉሮሮ ተጠረገ። ዩኒፎርም የለበሰ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ቆሟል፤ የጦር ኃይሉ ተወካይ ሻለቃ ብሬነር።

"መርማሪ፣ ቀለበቱ ላይ ካሜራ እንዳይዞር።"

"ሬሳው ያለው ከቀለበቱ ሥር ነው።"

"ሬሳውን አንሡ። ቀለበቱ ቅዳሜ ወደ ፍሎሪዳ ይጫናል።"

"ምንድን ነው ቀለበቱ?"

ሻለቃው ጥቂት አመነታ። "የጠፈር አውሮፕላናችንን ከሮኬቱ አናት ጋር የሚያያይዝ ነው። ሰማይ ላይ ሲደርስ ይለቀዋል። ሮኬቱ የግል ኩባንያ ንብረት ስለሆነ ሲመጥቅ ማንም በቴሌቪዥን ያየዋል። አውሮፕላኑ ምን ይዞ እንደሚሄድና ሲመለስም ምን ሠርቶ እንደመጣ ግን አይነገርም። የሰውየው ስልክ ጠፍቷል። ይሄ የስለላ ሥራ ነው፤ ጉዳዩን ለእኛ ብትተዉት ይሻላል።"

ሩሐማ አራቱን ቁራጮች ደግማ አየች።

"ሰላይ ይሰርቅና ይሄዳል፣ ሻለቃ። ይሄኛው ግን እዚህ ቆሞ ሲሞት አይቶታል።"

*

ቢታንያ መመገቢያ ክፍል ውስጥ እጆቿን ጭኖቿ መሀል አስገብታ ተቀምጣለች። ኪዳነ ወልድ በየጠዋቱ ከሾርላይን ሰፈር በመኪናው ይዟት እንደሚመጣ፣ ዛሬም አብረው እንደገቡ ለሩሐማ ተናገረች።

"ከእናንተ በፊት ማን ነበር?"

"ዋረን ብቻ። ዕቃ ሊላክ ሲል ማንም ሳይመጣ ብቻውን ገብቶ ያያል። ሁሉም የሚያውቀው ነው።"

"የተለየ ነገር አላየሽም?"

ቢታንያ አሰበች። "ቧንቧው በረዶ ይዞ ነበር። ጓሮ ያለው የናይትሮጅን ታንክ ገና ሲሞላ እንደዚያ ይሆናል።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሰው ሲሞትበት ይሄ ሁለተኛው ነው፤ ታውቂያለሽ?"

"የት?"

"እዚያው ክፍል። አምና። አብዮት ገመዳ ይባላል፤ አብሮን ነበር የሚሠራው። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም፤ ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሜያለሁ።"

ኪዳነ ወልድ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ዓይን የማይሸሽ ሰው ነው። ሩሐማ ስለ አብዮት ስትጠይቀው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ወንድሜ ማለት ነበር። ያን ቀን ኦበርን ከተማ ዕቃ ልረከብ ሄጄ ነበር። ስመለስ አምቡላንስ ቆሞ አገኘሁ።"

"እንዴት ሞተ አሉህ?"

"ራሱ ደወሉን ከማብሪያው አጥፍቶ ገባ ተባለ። አለቀ። ፋይሉ ተዘጋ፣ ለእናቱ እንኳ አላሳዩም።"

"ዋረንስ ምን ነገረህ?"

"ምንም። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በዚያ ጉዳይ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።" እንባውን በመዳፉ ጠረገ። "አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ በኋላ ደበቅክ እንዳልባል። መሳፍንት የሚባል ኢንጂነር ነበረን። ስለ አብዮት ተሟግቶ ዋረን አባረረው። ሲወጣ 'ያንተንም ሬሳ ከዚሁ ያወጡታል' ብሎታል። ሁላችንም ሰምተናል።"

*

ሩሐማና ሊበን መሳፍንትን ያገኙት ሾርላይን፣ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከመኪና ወንበር ሲያወርድ ነው። የመጡበትን ሲነግሩት አልደነገጠም።

"ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ብሎኛል። ጌታ ይቅር ይበለኝ እንጂ ደስ ብሎኛል።"

"ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?" አለው ሊበን።

"እዚሁ። የማለዳ ጸሎት የምመራው እኔ ነኝ። በቀጥታ ይተላለፋል፤ ገብታችሁ እዩት።"

ሊበን ስልኩን አወጣ። መሳፍንት መድረክ ላይ ማይክ ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲጸልይ ይታያል። ዋረን ነፍሱ ሲወጣ ይሄ ሰው "አሜን በሉ" እያለ ነበር።

"ኦኬ" አለ ሊበን ስልኩን ወደ ኪሱ እየመለሰ። "እሱ አይደለም።"

"እኔ ብቻ አይደለሁም የጠላሁት" አላቸው መሳፍንት። "አብዮትን ገድለው ስሙንም ገደሉት። 'በራሱ ስንፍና ሞተ' አሏቸው እናቱን። እሳቸውን አነጋግራችኋል?"

*

እማማ አገሬ የሚኖሩት ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሩሐማን ከግንባሯ እስከ ጫማዋ አይተው አስገቧት። ግድግዳው ላይ የአብዮት ፎቶ ሰፊ ቦታ ይዟል፤ ሳቂታ፣ ጥርሱ ፍንጭት።

"እማማ፣ ዋረን የሚባለው ሰውዬ መሞቱን ሰምተዋል?"

"ሰማሁ።"

"ምን ተሰማዎት?"

"ዘገየ።"

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ።

"ልጄ ዲቪ ደርሶት ነው እኔንም እህቱንም ያመጣን። ቀን ይሠራል፣ ማታ ይማራል። ጠንቃቃ ነው፤ ምድጃ አጥፍቼ እንኳ ተነሥቶ ደግሞ ያያል። እሱን ነው ደወል አጥፍቶ ገባ ያሉኝ። በአስተርጓሚ ነገሩኝና ሄዱ።"

"የሚጠይቅዎት ሰው አለ?"

"ኪዳነ ወልድ አይለየኝም። እሱ ነው ሬሳውን የተሸከመው። በየሳምንቱ ይመጣል፤ የሚያስፈልገኝን ገዝቶ ያመጣል። ልጄም አለች፣ ሠርካለም። ባሏ ጥሏት ሄዶ ብቻዋን ናት።"

"ምን ትሠራለች?"

"ከባድ መኪና ትነዳለች፣ ኦበርን። ጋዝ ነው መሰለኝ የምታደርሰው። ድሮ ፀጉር ቤት ነበረች። ወንድሟ ከሞተ በኋላ ተምራ ገባችበት።"

ሩሐማ ደረጃውን ስትወርድ ቢታንያ ያለቻት ትዝ አላት። ቧንቧው በረዶ ይዞ ነበር። ታንኩ ገና ተሞልቶ ነበር። ታንክ ደግሞ ራሱን አይሞላም።

ወዲያው ለሊበን ኮል አደረገች። "ማን እንደገባ ስንጠይቅ ሕንፃው ውስጥ የገባውን ነው የነገሩን። ጓሮ ድረስ የሚመጣውን የናይትሮጅን ሾፌር የቆጠረው ሰው የለም። አጣራልኝ።"

መልሱ ብዙ አልቆየም። "ሾፌሯ ሠርካለም ትሁን ትባላለች" አላት ሊበን። "ትሁን የባሏ ስም ነው። የአባቷ ስም ገመዳ።"

*

ወደ ኦበርን ከመውረዷ በፊት ሩሐማ ሻለቃውን ፈለገችው። ሰዎቹ ቀለበቱን በነጭ ሸራ ሲጠቀልሉ ቆሞ ያያል።

"የአብዮት ገመዳን ፋይል እፈልጋለሁ።"

"አይሆንም። ደግሜ ብጠየቅም መልሴ ይኸው ነው።"

"እንግዲያው ፋይሉ ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ደወሉን ከማብሪያው ማጥፋት እየተቻለ ጓንት ማሰር ከየት መጣ? አብዮት የሞተ ዕለት ሴንሰሩ ላይ ጓንት ነበር?"

ሻለቃው ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረበሸ።

"ማን ነገረሽ?"

"ነበር ማለት ነው።"

ሻለቃው ከሰዎቹ ራቅ አድርጎ ወሰዳት። "ሰማያዊ ጓንት። ጣቶቹ ሁለቴ ዞረው የታሰሩ። ዋረን ቀድሞ ደርሶ ፈታው፤ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ያሰረው አብዮት ራሱ ነው አለኝ፤ አመንኩት። ወሬው ወጥቶ ሥራው እንዳይቆም ለሠራተኛው 'ደወሉን አጠፋ' ተባለ። ስለ ጓንቱ ከዋረንና ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።"

"አንድ ሰው አለ" አለች ሩሐማ። "ያሰረው ሰው።"

*

ሠርካለም አልሮጠችም። ኦበርን፣ የጋዝ ኩባንያው ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ከጋቢናው ስትወርድ ነው የደረሱባት። ቀጭን፣ እጆቿ በቅዝቃዜ የሻከሩ ሴት ናት። ሊበን ጋቢናውን ሲፈትሽ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ የአብዮትን ፎቶ አገኘ። አራቱም ማዕዘኖቹ ላይ ፕላስተር አለበት። የዋረን ስልክም ከመቀመጫው ሥር ተገኘ፤ ዋረን ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ተመልሶ ወጥቶ ሰው እንዳይጠራበት አንሥታው ነበር።

በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ጠበቃ እንደሚፈቀድላት ሲነገራት እጇን አወዛወዘች።

"የምደብቀው የለኝም። ይሄን ሥራ የያዝኩት ለዚች ቀን ነው። ፎቶውን ለጠፍኩለት፤ እያየው እንዲሄድ።"

"በሩን ደበደበ?"

"ደበደበ። አብዮትስ አልደበደበም? ማን ከፈተለት?"

ሩሐማ ውኃ አቀረበችላት። አልነካችውም።

"የጓሮውን በር ማን ከፈተልሽ?"

ራሷን ነቀነቀች።

"እሺ፣ ጓንቱንስ ለምን?"

"እሱም ለወንድሜ ያደረገው እንደዚያው ነው። ሰማያዊ ጓንት። ጣቶቹን ሁለቴ አዙሮ አሰረው። እኔ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።"

"ማን ነገረሽ?"

"እሱን ተዪው። የነገረኝ ሰው ያጠፋው ነገር የለም። እናንተ የደበቃችሁትን እውነት ነው የነገረኝ።"

"ሠርካለም፣ ስሚኝ።" ሩሐማ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበቻት። "ስለዚያ ጓንት ለማንም አልተነገረም። 'ደወሉን አጠፋ' ነው የተባለው፣ ለእናትሽም፣ ለሠራተኛውም። ጓንቱን ዋረን ፈታው፣ ለሻለቃው ብቻ ነገረው። ሻለቃው ለማንም አልተነፈሰም። ሁለቴ ዞሮ መታሰሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ፣ በገዛ እጁ ያሰረው ነው።"

"ዋረን ነው ያሰረው።"

"ዋረን ቢሆን ለምን ለሻለቃው ይናገራል? ፈትቶ ኪሱ ከትቶ ዝም አይልም?"

ሠርካለም የቀረበላትን ውኃ ወደ ጎን ገፋችው። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቆየ።

"ሬሳውን ተሸክሟል" አለች ለራሷ። "በለቅሶው ጊዜ የእናቴን እጅ ይዞ..."

"ማን?"

"ኪዳኔ። ኪዳነ ወልድ። ሐሙስ ብቻውን ይገባል አለኝ። የጓሮው በር ክፍት ይሆናል አለኝ።"

*

ኪዳነ ወልድ መጀመሪያ ሳቀ። "ሐዘኗ ነው፤ አእምሮዋን ነክቷታል። እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት ከቢታንያ ጋር መኪና ውስጥ ነበርኩ።"

"ስለ ዛሬ ጠዋት አይደለም የምጠይቅህ። አብዮት የሞተ ዕለት ኦበርን ነበርክ?"

"አዎ።"

"ዋረንም በዚያ ጉዳይ አንድ ቃል አልነገረህም?"

"አልነገረኝም አልኩሽ።"

"ታዲያ ስለ ሰማያዊው ጓንት ማን ነገረህ?"

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ።

ሩሐማ ፋታ አልሰጠችውም። "ቢታንያ ከግማሽ ሰዓት በፊት ደወለችልኝ። ሬሳውን ካየች ወዲህ ምስጢር መጠበቁ ከብዷታል። ዋረን እሁድ ወደ አብዮት እናት ቤት ይዛው እንድትሄድና እንድታስተረጉምለት ለምኗት ነበር። ይሄን መኪና ውስጥ ለማን እንደነገረች ታውቃለህ?"

ኪዳነ ወልድ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ድምፁ ተለውጧል።

"ደወሉ ያለ ምክንያት ይጮህ ነበር። በጮኸ ቁጥር ሥራ ይቆማል፣ ዋረን ይጮህብናል። ወደ ኦበርን ከመሄዴ በፊት አሰርኩት። ስመለስ እፈታዋለሁ ብዬ። አብዮት ናይትሮጅኑ ሳይወጣ ይገባል ብዬ አላሰብኩም። በእናቴ ስም፣ አላሰብኩም።"

"ዋረንስ?"

"መጀመሪያ በአብዮት አላከከ፤ ለሥራው ሲል። እኔም ዝም አልኩ። ባለፈው ወር አፋጦ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። 'እንቅልፍ አጣሁ፣ ቀለበቱ ይላክና እናትየው ፊት ቀርበን እንናገራለን' አለ። ያኔ አንቺ ታስሪኛለሽ እኮ! እኔ ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ!"

"ስለዚህ እህቱን ላክህ።"

"አልላክኳትም። ልትገድለው አንድ ዓመት ሙሉ ስትለምነኝ ኖራለች። የጠየቀችኝን ነው የነገርኳት።"

ሊበን፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው፣ ዞር ብሎ ወጣ። ሰውየውን እንዳይመታው መሆኑ ለሩሐማ ገብቷታል።

ለሠርካለም የነገረቻት ሩሐማ ራሷ ናት። ምንም ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻት፤ የእሁዱን ጉብኝት ጭምር። ሠርካለም አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ እያየቻት ጠየቀች።

"ኪዳኔን የት ልታሳድሩት ነው?"

"ካንቺ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይሆንም።"

"ለምን? አንድ ላይ አድርጉን" አለች ሠርካለም። "ለአንድ ሰዓት ብቻ።"

*

ቀለበቱ በተባለው ቅዳሜ ተጭኖ ሄደ። ሮኬቱ የመጠቀ ዕለት ጠዋት ሩሐማ እማማ አገሬ ቤት ነበረች። አሮጊቷ ናት ያስጠሯት።

ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ነጩ ሮኬት እሳት እየተፋ ከመሬት ሲነሣ ሁለቱም አዩት። አሮጊቷ ወደ ፊት ጎንበስ ብለዋል።

"ልጄ የሠራው ከዚህ የቱ ጋ ነው?"

"ከላይ፣ አናቱ ላይ። ከውጭ አይታይም።"

ሮኬቱ ደመናውን ጥሶ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ሥዕሉ ተቋረጠና አቅራቢው ፈገግ ብሎ ስለ ሌላ ጉዳይ ማውራት ጀመረ።

"ምነው አቋረጡት?"

"ከዚህ በላይ አያሳዩም፣ እማማ። ምስጢር ነው።"

እማማ አገሬ ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

"ሠርኬ ያን ቀን ሥራ ከመሄዷ በፊት እዚህ መጥታ ነበር" አሉ። "ጉልበቴን ሳመችኝ። 'ዛሬ ነው እማዬ' አለችኝ። ሂጂ አልኳት።"

"እማማ፣ እኔ ፖሊስ ነኝ። ይሄን ለእኔ አይንገሩኝ።"

"ለፖሊስ ብዬ ነው የጠራሁሽ። ልጄን ብቻዋን አላስፈርድባትም።"

"ሰውየው እሁድ ሊመጣ ነበር። እውነቱን ሊነግርዎት።"

"ዓመቱን ሙሉ የት ነበር?" ድምፃቸው አልተነሣም። "እሱን ተዪው። ያ ሌላው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አልቅሷል። በእጄ አጉርሼዋለሁ። ልጄ ብዬዋለሁ። ሌላ ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬውኑ እልክበት ነበር። የለኝም እንጂ።"

ሩሐማ ተነሥታ የአሮጊቷን ካፖርት ከመስቀያው አወረደችና እጅጌውን ዘርግታ ያዘችላቸው።

"ጣቢያ ሄደን ደግመው ይነግሩኛል" አለቻቸው። "ይልበሱ እማማ፤ ውጭ ይበርዳል።"